አንሺው

ሐምሌ 4

ዛሬም ማንም አልመጣም። ፎቶ ቤቱን ከፍቼ፣ አቧራ ጠርጌ፣ የደንበኛውን ወንበር አስተካክዬ... ራሴ ተቀመጥኩበት። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ያነሳል። ሠራተኛ የሚቀጥር ከሌለ ደግሞ ጉርድ ፎቶ ማን ይፈልጋል?

ሲሰለቸኝ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ ውሻው ግን አሁንም በሩ ላይ ይተኛል። አነሳሁት። ከወፍጮ ቤቱ ጣራ እርግቦቹ ጠፍተዋል። የሚፈስ እህል ሲኖር አይደል የሚመጡት... ባዶውን ጣራም አነሳሁ። ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ።

እትዬ ምስሎቹን አየቻቸው። ታላቄ ናት፣ አታልፈኝም።

"ሰው የሚበላው አጥቷል፣ አንቺ ውሻ ታነሻለሽ።"

"ውሻውም የሚበላው አጥቷል።"

"እንግዲያው ተገናኝታችኋል።"

ሐምሌ 9

ባለጋሪው ጋሼ ዝናቡን ሊያሳልፍ በራችን ላይ ቆመ። ፈረሱን "ጌታው" ነው የሚለው። የጌታው ጎድን ይቆጠራል። የፉርሽካ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም።

"ጌታው ዛሬም ቁርስ አላሰኘውም" አለኝ እየሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወው። "ቤታችን ውስጥ ሠርቶ የሚያበላ እሱ ብቻ ነው፣ ልጄ። እኔ ተከታዩ ነኝ። እሱ ከወደቀ ሁላችንም ወደቅን።"

ምን እላለሁ... ያልፋል አልኩት። የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሐምሌ 15

ጌታው ሞተ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐምሌ 16

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ነበርኩ። አስፋልቱ ርሷል፣ ጋሪው ብሎኬት ጭኗል። ጌታው አዳለጠውና በጎኑ ወደቀ። የጋሪው ዘንግ አንገቱ ላይ አረፈ። ጋሼ ጋሪው ተንሸራቶ እንዳይጨፈልቀው ከኋላ በሁለት እጁ ጎትቶ ይዟል። ብሎኬቱ ስለጋረደው ከዚያ ሆኖ ጌታውንም እኔንም አያይም። ከእኔ በቀር በአካባቢው ሰው የለም። ካሜራው ዓይኔ ላይ ነበር።

"አንሺው! ልጄ፣ አንሺው!"

አነሳሁት። ፎቶ። ደጋግሜ።

ዘንጉን ነበር እኮ ያለኝ። ዕድሜ ልኬን "አንሺኝ"፣ "አንሺው" ሲሉኝ ካሜራ ነው የማነሳው... ይሄን ጅልነት ለማን ይነግሩታል? ሰዎች ሮጠው መጥተው ዘንጉን ቀና ሲያደርጉት ጌታው አብቅቶለት ነበር።

ጋሼ ትከሻዬን ያዘኝ። እሱ እኔን ያጽናናል። "አይዞሽ፣ ከብዶሽ ነው። አንቺ እንኳ ሞክረሻል። ደግሞ እንደወደቀ ነው የሄደው፣ አልተሰቃየም።"

ካሜራውን ከጀርባዬ ሸሸግኩት። 

ሐምሌ 20

ጋሼ ላገኘው ሰው ሁሉ "ያቺ ፎቶ አንሺ ልጅ ናት የደረሰችልኝ" ይላል አሉ። እትዬ ኮርታብኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ምስሉን ከፍቼ አየሁት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። የጌታው ጆሮ ቆሟል። ዓይኑ ካሜራዬን ያያል። ከበስተኋላ ጋሼ ከክብደቱ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አፉ ግን ተከፍቷል፤ እየጠራኝ ነው።

ነሐሴ 2

እትዬ ሳትነግረኝ የጌታውን ፎቶ አሳትማ መስኮቱ ላይ ሰቅላዋለች።

"አውርጂው።"

"ለምን? ሰው ቆሞ እያየ ነው። ዛሬ እኮ ደንበኛ ገባ።"

የማወርድበትን ምክንያት ልነግራት አልቻልኩም። ጋሼ ፈረሱ ከሞተ ወዲህ በዚህ በኩል አያልፍም። ነገ አወርደዋለሁ።

ነሐሴ 3

ዛሬም ደንበኛ ገባ። አላወረድኩትም።

ነሐሴ 8

ጋሼ መጣ። ከሩቅ ፈገግ እያለ ነበር። "ጌታውን ሰቀልሽው አሉኝ፣ ልየው ብዬ ነው።"

መስታወቱ ጋ ተጠጋ። ፈገግታው ጠፋ። ጣቱን የፈረሱ ጆሮ ላይ አድርጎ ቆየ።

"ጆሮው ቆሟል።"

"ጋሼ..."

"እዚህ ላይ አልሞተም።"

"አንሺው ስትለኝ... እኔ ፎቶውን መስሎኝ..."

ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ። "እኔ ለሰው ሁሉ ሌላ ነው ያወራሁት" አለና ሄደ።

ያን ጊዜ አወረድኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ነሐሴ 19

እትዬ "ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው አለ" ብላ ጠራችኝ። ወንበሩ ላይ ጋሼ ተቀምጧል። ለጥበቃ ሥራ ሊያመለክት ነው፤ ፎቶ አምጣ ብለውታል። በዚህ ሰፈር የቀረ ፎቶ ቤት የእኔ ብቻ ነው፣ ባይሆን ኖሮ አይመጣም ነበር። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጋሪውን ፈልጠው ለማገዶ እንደሸጡት እትዬ በጆሮዬ ነገረችኝ።

"እንዴት ነህ፣ ጋሼ?"

"ደህና።"

መብራቱን አስተካከልኩ። ራሱን ትንሽ ቀና ማድረግ ነበረበት... እጄን ወደ አገጩ ልሰድ ብዬ ተውኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ቶሎ በይ፣ አንቺ ልጅ፣ ሳልሸብት" ብሎ ያስቀኝ ነበር።

በካሜራው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ዝግጁ ነኝ" አለ። "ያንሱኝ።"

እርስዎ አለኝ። አነሳሁት።