ሕጉን አውጥተው ራሳቸው የሻሩት የአቶ ኤቫሪስቶ ኪንታኒያ የሕይወት ታሪክ

ከማክሰኞ ማለዳ ጀምሮ በሎማ ሴካ ከተማ ምክር ቤት፣ ከግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው አረንጓዴ ትራስ ባለቤት አልባ መሆኑን ቤተሰቡ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ትራሱ የከተማው ሳይሆን የሟች የግል ንብረት መሆኑም ይታወቅ።

አቶ ኤቫሪስቶ ኪንታኒያ ከአባታቸው ከአቶ ክሪሶፎሮ ኪንታኒያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤውላሊያ ባሬራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1948 በደቡብ ቴክሳስ፣ በሎማ ሴካ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ድንበር ተሻግረው የመጡ ጥጥ ለቃሚዎች ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ከስፓኒሽ በቀር አያውቁም ነበርና፣ በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ለመሄድ በስፓኒሽ ቢያስፈቅዱ በማስመሪያ ተገረፉ። ፈቃዱንም አላገኙም። የቀረውን ቤተሰቡ በአክብሮት ያልፈዋል።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በውኃ ፓምፕ ጥገና ተሰማሩ። በ1971 ልብስ ሰፊዋን ወይዘሪት ኦዲሊያ ካንቱን አግብተው ጌሪንና ኔልዳን ወለዱ። ልጆቹ ማስመሪያ እንዳይቀምሱ ሲሉ ቤት ውስጥ ስፓኒሽ እንዳይነገር ከለከሉ። ወይዘሮ ኦዲሊያ እሺ አሉ፤ ሲናደዱ ግን ጓሮ ወጥተው ለዶሮዎቹ በስፓኒሽ ይናገሩ ነበር።

በ1998 ለምክር ቤት የተመረጡት አቶ ኤቫሪስቶ፣ በ2006 የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲወጣ አስወሰኑ። አዲስ መጤዎች ሲያማርሩ፣ “እኔ ተገርፌ ተምሬያለሁ፤ እነሱ አንብበው ይማሩ!” ይሉ ነበር።

በ2019 ወይዘሮ ኦዲሊያን ስትሮክ መታቸው። ሲነቁ እንግሊዝኛቸው ጠፍቶ ስፓኒሻቸው ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ የገዛ እናታቸውን መስማት አቃታቸው።

“አባዬ፣ ምን እያለች ነው?” አለች ኔልዳ።

አቶ ኤቫሪስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አርባ ስምንት ዓመት ለሚስታቸው ያልተናገሩበትን ቋንቋ ተናገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተርጓሚ ሆኑ፤ ታማኝ አስተርጓሚ ግን አልነበሩም። ወይዘሮ ኦዲሊያ ጠዋቱን ሙሉ በስድብ ሲወርዱባቸው ቆይተው፣ ጌሪ ምን እንዳሉ ቢጠይቅ፣ “እንደምትወደኝ ነው የምትናገረው” አሉ።

“ታዲያ ጫማ የወረወረችብህ ለምንድን ነው?”

“አብዝታ ስለምትወደኝ ነዋ!”

ወይዘሮ ኦዲሊያ በ2022 እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

በተከታዩ ዓመት አቶ ኤቫሪስቶ የ2006ቱ ሕግ ይሻር ብለው ተነሡ። የዶሚኖ ጨዋታ ጓደኛቸው የምክር ቤት አባል አቶ ቡፎርድ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሕግ ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ምን ነካህ?” ቢሏቸው፣ “እኔ ነኝ። በል እጅህን አውጣ” አሏቸው። ሕጉ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተሻረ። አቶ ቡፎርድ እጃቸውን አውጥተዋል።

አቶ ኤቫሪስቶ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው፣ ማርች 11 ቀን 2025 በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። እግዚአብሔር ከወይዘሮ ኦዲሊያ ጋር ያለ አስተርጓሚ ያገናኛቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

የዛሬው ቅዳሴ በስፓኒሽ የሆነው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። ሊያርፉ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ጌሪ፣ “አባዬ፣ እኛ ልጆችህ እኮ አንሰማውም። ለምን?” ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

“አልናገርም፤ እናታችሁ ትሰማዋለች” አሉ።