በሳር የተለመነው ተረተር

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለቀድሞው እጮኛዬ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? አቀበት ሲያይ ልቡ የሚወድቅ ሰው ነበርክ፤ አሁን የአዲስ አበባ ወንበር ስላገኘህ ተሽሎህ ይሆናል። እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ዓይኑ ቢደክምም ሽመናውን አልተወም። ስላንተ አይጠይቅም። ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ ደህና ነን።

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሰላምታው የፕሮጀክቱ ማኅተም ይበልጣል። ገምጋሚዎች በየካቲት ስለሚመጡ ከጥብቅ ክልሉ ውስጥ የእንሽላሊቷን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ትላለህ፣ «ለጋራ ድካማችን ሲባል»። ይህችን ቃል ሳነብ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ነበርኩና ሳቄ አመለጠኝ። የሒሳብ መምህሩ ዓለሙ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። የቆየ ቀልድ ነው አልኩት።

እስቲ የጋራ ድካማችንን ላስታውስህ። በ2001 ከጨንቻ በላይ ያለውን ተረተር ስንወጣ አንተ ትንፋሽ አጥሮህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ነበር። እንሽላሊቷ እዚያው አጠገብህ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጎኗ ላይ የጡብ ቀለም ያለው መስመር ያላት። ዞር ብለህም አላየሃት። ሳሳይህም ተራ እንሽላሊት ናት ብለህ ተከራከርከኝ። የጉሮሮዋን ቅርፊት በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ ከመጽሐፍ እያመሳከርኩ፣ ከቆላዎቹ ጋር እንደማትዛመድ ያሳየሁህ እኔ ነኝ። ሊቃውንቱ ከዚህ ተራራ በቀር የትም እንደሌለች ሲያረጋግጡ ግን ቴሌቪዥን ላይ የቀረብከው አንተ፣ ያውም ጥላ የሚያክል ኮፍያ ደፍተህ። ሳይንሳዊ ስሟንም በገንዘብ ሰጪ አለቃህ ስም አወጣህላት። ምስኪን፣ ስሟን ብትሰማ ጭራዋን ጥላ ትሮጥ ነበር።

የስሙን ነገር ትቼዋለሁ። ያልተውኩት የሳሩን ነው።

አባባ የጋሞን የሳር ልመና ያስረዳህ እንደ ልጁ ስላየህ ነው። ደም ሊፋሰሱ በተነሱ ሰዎች መካከል ሽማግሌ ርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የሰበቀ እንኳ ይመለሳል፤ ሳር የያዘን እምቢ ማለት ጎሜ ነው፣ መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ብሎ ነገረህ። አንተም አንገትህን ደፍተህ ሰማህ። ልቡ ተነክቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ እያሰላህ ኖሯል።

በሳምንቱ ሕዝቡ ዱቡሻው ላይ ለሸንጎ ሲቀመጥ፣ የበጎቻችሁን ግጦሽ ለእንሽላሊቷ ስጡን ብለህ ሳር ነጭተህ ተንበረከክህ። ፎቶ አንሺህ አልያዘልኝም ሲል ደግሞ ተነስተህ፣ ሱሪህን አራግፈህ፣ እንደገና ተንበረከክህ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሰው ነፍስ ሲለመንበት የኖረ ሳር ለፎቶ ሲደገም አይተው አያውቁማ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሸንጎው ታላቅ አቶ ዘካሪያስ ግን ሳር የያዘ ሰው አይመለስም ብለው ተረተሩን ሰጡህ። እትዬ በለጥሽ ማሰማሪያ አጥተው በዚያው ሰሞን በጎቻቸውን ሸጡ።

ያኔ ነግሬህ ነበር። ይህች ፍጥረት የምትኖረው በግ በጋጠው አጭር ሳር መካከል፣ ድንጋይ ላይ ነው፤ ፀሐይ ካላገኘች አትራባም፣ በጎቹ ከወጡ ሳሩ ይውጣታል ብዬህ ነበር። አንተ ግን ጥበቃ ማለት ማጠር ነው አልከኝ፣ ሕፃን እንደምታስተምር ሁሉ እየሳቅህ። ሽቦው ተወጠረ፤ ሹሞቹ ሪባን ቆርጠው፣ ጥሬ ሥጋ ቆርጠው ሄዱ። አንተም ለአንድ ሳምንት ብለህ አዲስ አበባ ገባህ። ሳምንቱ ረዘመ፣ ስልክህም አልሠራ አለ። የምነግርህ ነገር ነበረኝ፣ ያኔ።

እንግዲህ ወደ ፎቶህ ልምጣ። ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እየወጣሁ ፈልጌያለሁ። አጥሩ ውስጥ ሳሩ ወገቤ ደርሷል። ድንጋዮቹ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ስለሆኑ እጅ ያቀዘቅዛሉ። እንሽላሊት የሚባል የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያንተ ፕሮጀክት ነው። ያገኘኋቸው ጥቂቶች በታችኛው ጥግ፣ ሽቦው ላልቶ በግ እየሾለከ በሚግጥባት ቁራሽ መሬት ላይ ናቸው። ዘበኛህም ገምጋሚ ይመጣል ብለህ አዝዘኸው ያችኑ ቀዳዳ ሰሞኑን ደፍኗታል። በልጉ ዘንቦ ሳሩ ከተነሳ እነሱም ያልቃሉ፤ እነሱ ካለቁ ደግሞ ዓለም ላይ ሌላ የለም። ይህንኑ ለገምጋሚዎቹ ጽፌ ልኬላቸዋለሁና ስለ ፎቶው አትጨነቅ።

ነዋሪው ራሱ ለምን አያፈርሰውም ትል ይሆናል። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም። በሳር የተሰጠ በጉልበት አይመለስም፤ እነሱ እንዳንተ ለሳር የሁለት ሰዓት ክብር የሚሰጡ ሰዎች አይደሉም። አባባን ይዤ አቶ ዘካሪያስ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ የለመነው ሰው መጥቶ ሳር ይያዝና ልመናዬን መልሻለሁ ይበል፣ ያን ጊዜ ሽቦውን እንጠቀልላለን አሉ። ባይመጣስ አልኳቸው። እንደማትመጣ እሳቸውም አላጡትም። አባባን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ እሱ ባይመጣ የአጥንቱ ክፋይ የሆነ ይበቃል፣ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ሳር መጨበጥ ከቻለ በቂ ነው አሉ። አባባ አቀረቀረ። እኔ አላቀረቀርኩም።

ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ እንድትመጣልኝ ልለምንህ አይደለም። የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል ካወቅሁ ቆየሁ። ሸንጎው የፊታችን እሁድ ይቀመጣል፤ ብትመጣም ባትመጣም ሽቦው ይነሳል። ላይ ብርዱ ክፉ ስለሆነ አባባ ለእሷ የሚሆን ትንሽዬ ጋቢ ሸምኗል። አቀበቱን አዝያት እወጣለሁ፤ ዱቡሻው ጋ ስንደርስ ግን አወርዳታለሁ፣ በራሷ እግር ትቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ትንበረከካለች። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ሰሞኑን ያየችውን ሁሉ ለምን ማለት ጀምራለች። ስለ ማን እንደተንበረከከች ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም።

በል እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅ። መንገድህን ሁሉ ሜዳ ያድርግልህ፣ አቀበቱ ላንተ አልተፈጠረም። ወንበርህን ያጽናልህ። ዘርህንም ይባርክ፤ ይቺን የመጨረሻዋን እንኳ ከልቤ ነው የመረቅሁህ።

የብሩክታዊት እናት