የሁለተኛዋ እናት

ኅዳር 4

የትምህርት ቤቱ ሥነ ጽሑፍ ክበብ። ተማሪው አሥራ አንድ፣ መጽሐፉ አንድ፤ ያውም ሽፋኑ የወለቀ። ጭሮ ከተማን ዞሬ ሌላ ቅጂ አጣሁ። ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን። ሰው የገደለ ልጇን የምትደብቀው እናት ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ንባቡን አስቆምኩ። የጎረቤት ልጅ በእሱ ፈንታ ታስሮ ይሞታል... እሷ ዝም። "መከራው ያለው ፍቅሯ ውስጥ ነው" አልኳቸው። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው ያስተማርኩት። ፊቱን የቋጠረው ሑዘይፋ ብቻ። የባለሱቆቹ ልጅ፤ ካልተከራከረ እንቅልፍ አይወስደውም!

ኅዳር 9

የሚኒባስ ሹፌሩ ወንድሜ ኦብሳ ቤት መጣ። ትናንት ሚኤሶ መግቢያ ላይ ወተት ሻጭ ሴት በሚኒባሱ ገጭቶ ሳይቆም አልፏል። "ቢይዙኝ ይገድሉኛል ብዬ ነው አቦ..." ሴትዮዋ ተርፋለች፤ እግሯ ተሰብሯል። ከኋላው የመጣ ሹፌር አንስቶ ሐኪም ቤት አደረሳት። "የገጨሃት አንተ ነህ" ተብሎ ታሰረ።

እናቴ "ወሬው ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" አለች። እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ኅዳር 11

የታሰረው ሹፌር ኢርሻድ ይባላል። የሑዘይፋ ታላቅ ወንድም። ጌታ ሆይ...

ኅዳር 18

ሑዘይፋ ዛሬ ክበብ መጣ። ሚኤሶ ስንቅ ሲያመላልስ ነው የሰነበተው። ክርክሩ፦ የመጽሐፉ እናት ጥፋተኛ ናት ወይ?

ከተማሪዎቹ አስማ "እናት ናት፤ ምን ታድርግ?" አለች። ሌሎቹም ደገፏት። የእኔን ቃል ነበር የሚደግሙት።

ሑዘይፋ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የታሰረውም ልጅ እናት አለችው አይደል? ለምን አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈላትም?"

አገላበጥኩ። "እናቱም አለቀሰች" ይላል፤ በቃ። ስንት ዓመት ሳነብ እንዴት አላየኋትም?

"የእኔ እናት ሱቋን ከዘጋች ሳምንቷ" አለ ቀስ ብሎ። ስሟ ኡምኩልሱም ነው። ደብተር ስገዛ ሁሌ ትመርቀኛለች። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ኅዳር 19

ኦብሳን "እስከ ዓርብ ራስህ ፖሊስ ጋ ሂድ፤ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ" አልኩት።

"እህቴ ነሽ ፖሊስ?"

እናቴ ደግሞ፦ "እሱን ያማጥኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።"



ኅዳር 22

ኦብሳ ጠዋት በሬን አንኳኳ። "አብረሽኝ ሂጂ" አለ። እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጥን። እስከ ሚኤሶ እጄን አልለቀቀም።

ታኅሣሥ 6

ኢርሻድ ከተፈታ ሰነበተ። ሽማግሌዎች ከወተት ሻጯ ቤተሰብ ጋር እየተነጋገሩ ነው። ኦብሳ እዚያው እስር ላይ። እናቴ በየማለዳው ስንቁን ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም።

ዛሬ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"በላ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ጥርግ አድርጎ" አልኳት።

ኦብሳ አልነካውም። ሚኤሶ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ የጨረስኩት እኔ ነኝ።