ሁለት ዓመት የተኛ ልጅ

ጋምቤላ፣ የካቲት 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አማቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ነው? የጎሬ ብርድ ዘንድሮም ጉልበትዎን ይዞ አላስነሣ ብሏል ወይስ ለቀቅ አድርጎታል? ላሟስ ወለደች? እኔ አላህ ይመስገን አለሁ። «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደኅና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ደንቡ ነው። ዛሬ ግን ናፍቆቱም የለኝ፣ ደኅንነቱም ጎደሎ ነውና ደንቡ ይቅርብኝ። ልጁ ደኅና ነው። ጥርስ ሊያወጣ ድዱ አብጦ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። አላህ ይዘንለትና ባሌ ኢድሪስ ባሮ ዳር አሸዋ ላይ በእንጨት እየጻፈ ያስተማረኝ ፊደል ዛሬ ለዚህ ዋለ። እርስዎ ፊደል ስለማይቆጥሩ የሚያነብልዎ ትንሹ ልጅዎ ፈረጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ ፈረጅ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው፤ አንድ ጆሯቸው ይከብዳል። እንዳትዘል ደግሞ። ካንተ ቀጥላ እህትህ ከይሪያ ትደግመዋለች፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው ለዚሁም አይደል።

የላኩት መልእክትና ቅቤ በሐጂ ሙሄ የጭነት መኪና ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ። ፈረጅ በሚያዝያ ዘሃራ የምትባል የቡና ነጋዴ ልጅ ሊያገባ ነውና እልል በይ ብለውኛል። ልጁን ይዤ ወደ ጎሬ እንድወጣ፣ ድግሱ ላይ ወጥ ቤቱን እንድይዝ፣ ከጡረታዬም ከወትሮው ጨመር አድርጌ እንድልክ አዘዋል። ደግሞ ሙሽራው ልጁን ታቅፎ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የሙት ልጅ አጎቱን ይወቅ ብለዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ወላሂ ሳቄ መጣ። ልጁ እየጠባ ነበርና ደንግጦ ጡቴን ለቀቀው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ሁላችሁም እንደሚመቻችሁ አድርጋችሁ አውርታችሁታል፤ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ኢድሪስ ሲሞት ገና ልጅ ነበርኩ። ነሐሴ ነው፣ ባሮ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ ኢታንግ ላሉት ፖሊሶች ስንቅ ሲያደርሱ ጀልባቸው ተገለበጠ። በሥራ ላይ የሞተ ነውና የፖሊስ ባልደረባ ኢድሪስ ዓሊ ባለቤት ተብዬ ጡረታ ተፈቀደልኝ። ባል እስካላገባሽ ድረስ ይከፈልሻል፣ ያገባሽ ዕለት ይቆማል ተባልኩ። እርስዎም ለቅሶው ላይ እጄን ጨብጠው፣ የልጄን እንጀራ አደራ እንዳታቋርጪብኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከጡረታዬ ለእርስዎ ሳልልክ የቀረሁበት ወር አለ? ካለ ይናገሩ።

ዒዳዬን፣ ባሏ የሞተባት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ እንደ ጨረስኩ ፈረጅን ላኩልኝ። ሴት ብቻዋን በዚያ ቆላ እንዴት ታድራለች፣ ሱቁን ይርዳት ብለው። እውነቱን ለመናገር ረዳኝ። ጨው ይመዝናል፣ አቡጀዲ ይቀድዳል፣ ከአኙዋኩም ከኑዌሩም ጋር ግማሹን በእጅ ግማሹን በሳቅ ይግባባል። ዓሣ ይዘው ሲመጡ በጨው ይለውጥላቸዋል። ሱቁ ሞቀ። ቤቱም ሞቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ወደደኝ። ማን እንደሆነ አልጽፍም። እኔም ወደድኩት፤ ምን አፍራለሁ! ኒካህ እንሰር አልኩት። አይሆንም አላለኝም። ኒካህ ከታሰረ ጡረታሽ ይቆማል፣ ጎሬ ያሉት ምን ይበላሉ፣ እስኪ ቡናው ይሸጥ፣ እስኪ ኑሮዬ ይደላደል እያለ ከወር ወር አሻገረኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እኔን ነው። ማርገዜን ስነግረው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በማግሥቱ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ደርሼ ልምጣ ብሎ በጭነት መኪና ወጣ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ሰውየው አልመጣም። ፈረጅም በዚያው ሰሞን እርስዎ ናፍቀውት ኖሮ ወደ ጎሬ ሄደ። ሱቁንም ሆዴንም ብቻዬን ያዝኩ።

የወለድኩት በጎረቤቴ በአጁሉ እጅ ነው። አኙዋክ ናት፤ አማርኛዋ ቢሰባበርም ነገር አትስትም። እትብቱን ቆርጣ፣ ልጁን በባሮ ውኃ አጥባ፣ ፊቱን ትክ ብላ አየችና ሳቀች። ምን ያስቅሻል ስላት፣ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጨው ሲመዝን ያጭበረብረኝ ነበር አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

ወሬው ጡረታ የሚከፍለን ጸሐፊ፣ አቶ በሪሁን ጆሮ ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ከሰማይ አይወርድም ራሂማ፣ ባል አለሽ ማለት ነው፣ ወይ የሟቹ መሆኑን በምስክር አስረጂ ወይ ጡረታው ይቆማል አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሐጂ ሙሄ ቤት ሽማግሌ የተቀመጠው። ፈረጅም ተጠርቶ ወረደ። በበሩ ሲገባ ሳየው ልቤ ዘለለ፤ ሞኝ ነኝ አይደል፣ እውነት ልትነገር ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ሸህ ተናገሩ። ፅንስ በእናቱ ኀዘን ደንግጦ በማኅፀን ይተኛል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም አራትም ይተኛል፣ የቀደሙት ሊቃውንት ጽፈውታል አሉ። ይህ ልጅ ኢድሪስ ከመሞቱ በፊት የተፀነሰ ነው፤ ተኝቶ ኖሮ ጊዜው ሲደርስ ነቃ አሉ። ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ሸሁን አልወቅሳቸውም፤ ከድንጋይ ውርወራ ሊያድኑኝ ነው። ከዚያ ምስክር ተጠየቀ። ማንም ሳይቀድመው ፈረጅ ተነሣ። ፈረጅ ዓሊ እባላለሁ፣ የሟቹ ወንድም ነኝ አለ፤ ቁርአኑ ላይ እጁን ጫነና፣ ይህ ልጅ የቤታችን ደም ነው ብሎ ማለ።

ወላሂ፣ በዚያ አልዋሸም። ፈረጅ፣ እዚህ ላይ ድምፅህ ከተያዘ ውኃ ጠጣና ቀጥል።

ለአጁሉ ነገሩን ሳስረዳት ብዙ አሰበች። ልጁስ ይተኛ፣ ሕፃን ነው፣ አባትየው ግን ይኼን ሁሉ ጊዜ የት ተኝቶ ነው አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ሁሉም ተጠቀመ። ጡረታው ቀጠለ። እርስዎ ልጄ ዘር ተክቶ ሄደ ብለው እልል አሉ፤ የሙት ልጅም ከጡረታው ድርሻ አለውና ጠይቂ ብለው ላኩብኝ። ስሜ ከጭቃ ወጣ። ፈረጅም ዘሃራን ለማጨት ነፃ ሆነ። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ ኢድሪስ ሳይወልድ የወለደ፣ ምንም ይጫንበት ዝም የሚል ሆነ። ያ ሰው እኮ በሕይወቱ ሳለ ዋሽቶ የማያውቅ ነበር። በየወሩ አቶ በሪሁን ፊት ቆሜ፣ አዎ የኢድሪስ ልጅ ነው ስል መቃብሩ ያለበት የማንጎ ጥላ ሥር ሄጄ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ዐይኔን የት ላድርገው?

ይኼንንም ቢሆን እችለው ነበር። እርስዎን አታልለንዎታል፣ አያውቁም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አዛኝ እናት ናቸው፣ ቢያውቁ ልባቸው ይሰበራል እላለሁ። አሁን መልእክትዎ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

አምና በጥር፣ ፈረጅ ገና እኔ ዘንድ ሳለ፣ ሊጠይቁን ወርደው ነበር። ሱቁ ጓዳ ፈረጅ የሚተኛበት አልጋ ነበረ። እርስዎ ቦርሳዎን ሊያኖሩበት ገቡ። እኔ ከኋላዎ ነበርኩ። አልጋው አቧራ ለብሷል፣ ትራሱ ላይ ሸረሪት አድርታለች፤ ሰው ከተኛበት ብዙ ወር ሆኖታል። ቆመው አዩት። ከዚያ በነጠላዎ ጫፍ አቧራውን ቀስ አድርገው ጠረጉና ትራሱን ገልብጠው አኖሩት። ዞር ብለው ሲያዩኝ አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። የዚህ ወር ጡረታ ወጣ ወይ ነው ያሉኝ።

እማማ፣ ያን ዕለት አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ! ልጆቼ፣ ሐራም ነው፣ ኒካህ እሰሩ፣ ጡረታው ገደል ይግባ ቢሉን! ፈረጅ ከቃልዎ አይወጣም ነበር። እኔም ዛሬ የሰው ሚስት ነበርኩ። እርስዎ አቧራ ጠረጉ። በዚህ ነው አንጀቴ የሚያርረው፤ በፈረጅማ ምን አርራለሁ፣ ሲፈጠርም ፈሪ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይኸውና። ድግስዎ ላይ አልመጣም። ልጄም ለፎቶግራፍ አይታቀፍም። ከጡረታዬም የምልከው የለም፣ ጡረታ የለኝምና። ባለፈው ሳምንት አቶ በሪሁን ዘንድ ሄጄ፣ ይህ ልጅ የኢድሪስ አይደለም፣ አልተኛም፣ ዘጠኝ ወሩን ጠብቆ የተወለደ ነው አልኩት። ደነገጠ። እረፊ አንቺ ሴትዮ፣ ሸህ አለሽ፣ ምስክር አለሽ፣ ማን ጠየቀሽ፣ ልጅሽን በምን ልታሳድጊው ነው ብሎ ለመነኝ። እንደ ወንድም ነው የለመነኝ። ሱቅ አለኝ አልኩት። ባሮ ሲጎድል አጁሉ ከዳርቻው ማሳዋ ከፍላ በቆሎ ልታስዘራኝ ነው። ከተማው ይስቅብኛል፤ መሳቅም ጀምሯል። ሐጂ ሙሄ ሰላምታዬን አይቀበሉም። ይሁን። የሚቀጥሉት ጊዜያት ከባድ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ማታ ማታ እፈራለሁ። ቢሆንም ትናንት ማንጎው ሥር ሄጄ ልጁን ይዤ ስቀመጥ አላፈርኩም።

ለፈረጅ ትዳሩን አላህ ያቅናለት። ዘሃራ ምንም አላደረገችኝም፤ ልጅ ይስጣት፤ የምትወልደውም በጊዜው ይወለድ፣ እንደኔው አይተኛባት። ለእርስዎም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አምስት ዓመት እናቴ ነበሩ። ልጁን ለማየት ልብዎ ከፈቀደ መንገዱ ዝናብ እስኪገባ ክፍት ነው፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ መልእክት፣ ብቻዎን ይምጡ።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። አቶ በሪሁን ከመውጣቴ በፊት የልጁን ስም ጠየቀኝ። ነስሩ ነው አልኩት። የአባቱንስ አለኝ። እሱን አልናገርም አልኩ። ተበሳጭቶ፣ እሺ አያቱስ አለኝ። ዓሊ ነው አልኩት። ብዕሩን አቁሞ ብዙ አየኝ፤ አባት የሌለው ልጅ አያት ከየት አገኘ አለ። አቶ በሪሁን፣ አባት ሊክድ ይችላል፣ አያትየው ግን ሞተዋልና አይክዱም አልኩት።

ወሰላሙ ዓለይኩም።

የልጅ ልጅዎ እናት