ላልላክከው ገንዘብ ደረሰኝ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወር በገባ በስድስተኛው ቀን

ለባለቤቴ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ጽፌ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ የሚመስለው እሱ ነው። እንዴት ነህ ብዬም አልጀምርም። ደህና መሆንህን ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛህ ነግሮኛል። ወፍረሃል አሉ። አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ ሳቅ በሳቅ ሆኖ አገኘሁት አለ። አድራሻህን የሰጠኝም እሱ ነው። አትቀየመው፣ መቀሱን ከእጁ ቀምቼ ነው ያናገርኩት።

እኛም አለን። እናትህ ደህና ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ብቻ ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል። ሱቁም አለ። የሶፋ ማደሻው በር ላይ ዛሬም የተሰቀለው ያንተ ስም ነው፣ ሠራተኛዋ ግን እኔ ነኝ። አሮጌውን ጨርቅ የምገፈው፣ ስፖንጅ የምቆርጠው፣ ሚስማር በጥርሴ ይዤ የምመታው እኔ ነኝ። «ሴት ልጅ ሶፋ ታለብሳለች እንዴ?» ብሎ የሳቀብኝ ደንበኛ ባለፈው ወር ሁለተኛ ሶፋውን አስጭኖ መጣ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ የጻፍኩልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ከአንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። እስከ ሃያኛው ቀን ካላደረግከው ሱቁም ይሄዳል፣ ቤቱም ይሄዳል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ እንደለመድከው ከመሃል ጥለህ አትውጣ።

«ድንበር ተሻግሬ ሁለት ወር ሠርቼ ልምጣ» ብለህ ስትወጣ አምስት አበዳሪ ትተህልኝ ነበር። እኔ የማውቀው ባንኩንና የጨርቅ ነጋዴውን ብቻ ነው። ሦስቱ በር እያንኳኩ ራሳቸውን አስተዋወቁኝ፤ ለዕቃ መጫኛ መኪናው ያበደረህ ድርጅት፣ የቁጠባ ማኅበሩ፣ ስልክ በዱቤ የሸጠልህ ሰውዬ ሳይቀር። ሁሉም ወረቀት ላይ የኔም ፊርማ አለበት። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትለኝ እጄን ከሥራ ላይ አንስቼ እፈርም ነበር። ባል አምኜ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። የጨርቅ ነጋዴው በመስኮት አንገቱን ሲያሰግግ ከተገለበጠ ሶፋ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ትንፋሼን የያዝኩበት ቀን አለ። በራሴ ሱቅ ውስጥ። እሱን ቀን ይቅር አልልህም።

ከዚያ አንዲት ደንበኛዬ የዕዳ ማስተካከያ ቢሮ እንዳለ ነገረችኝ። አምስቱን ዕዳ አንድ ላይ ጠቀለሉት፣ ወለዱን አስቆሙት፣ በወር አንድ ክፍያ ብቻ ቆረጡልኝ። እኔ ለቢሮው እከፍላለሁ፣ ቢሮው ለአምስቱ ያከፋፍላል። ስልሳ ወር። አበዳሪዎቹም ላይደውሉ፣ በር ላያንኳኩ ፈረሙ። ጉዳዬን የያዘው ሰው ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን «ሠንጠረዡ» ነው የምለው። ሁሉን ነገር ሣጥን ውስጥ ካልከተተ እንቅልፍ አይወስደውም። በወር ስንት የጥርስ ሳሙና እንደምንጨርስ ጠይቆኝ ያውቃል።

ደንቡ ሁለት ነው። አዲስ ብድር አይነካም፣ ቤት የሚገባ ገቢ ሁሉ ይነገራል። ገቢ ከጨመረ ክፍያው ይጨምራል። ገቢ ከተደበቀ ውሉ ይፈርሳል፣ አምስቱም ይመለሳሉ፣ የቆመው ወለድም ከነጊዜው ይቆጠራል። ፎርሙ ላይ «ከባለቤት የሚገኝ ገቢ» የሚል ሣጥን አለ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ሳላመነታ የሞላሁት እሱን ብቻ ነው። ይኸው ሃያ ስድስት ወር አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ።

አሁን የኔን ጥፋት ስማ፤ አዎ፣ እኔም አጥፍቻለሁ።

አንተ ስትሄድ እናትህን ብቻቸውን አልተውኳቸውም፣ ከእኔ ጋር ናቸው። መጀመሪያ መጀመሪያ ስልክ በጮኸ ቁጥር «እሱ ነው?» እያሉ ከመኝታ ቤት ይወጡ ነበር። አበዳሪ ነው። ውሉን ከተፈራረምን በኋላ ስልኩ ጭጭ አለ። እኔ እፎይ አልኩ፣ እሳቸው ግን የታመሙት ያኔ ነው። መጠየቅ ተዉ፣ ቆይተው መብላት ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ልጄ ረስቶኛል፣ ለማን ብዬ እበላለሁ?» አሉኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ ምንም በሽታ የለባቸውም አለ።

ምን ላድርግ? ሠንጠረዡ «ትራንስፖርት» ብሎ ከመደበልኝ ላይ አነሳሁና መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። «ልጅዎ ላከልዎት» አልኳቸው። ተነሱ። ፊታቸውን ታጠቡ። ሾርባ ጠጡ። «ምን አለ?» አሉኝ። «ጉልበትሽ እንዴት ነው ብሎዎታል» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ወር ሙሉ ሳታቋርጥ ትልካለህ። አንተ ትልካለህ፣ እኔ ጨርቅ ተሸክሜ ከተማውን በእግሬ አቋርጣለሁ። ደግ ሰው ነህ፣ ልንገርህ። ጉንፋናቸውን ትጠይቃለህ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ ትመክራለህ። አንድ ጊዜ ደግሞ «ሚስቴን አደራ፣ ብዙ ትደክማለች» ብለሃል። እሱን ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። ስናገረው ድምፄ ተሰበረ፣ የስፖንጅ አቧራ ነው አልኳቸው።

ባለፈው ሐሙስ ሠንጠረዡ ሱቅ ደወለ። «እመቤት፣ አሁኑኑ ቢመጡ ጥሩ ነው። አማትዎ እዚህ ናቸው» አለኝ። የወደቁ መስሎኝ በሥራ ልብሴ፣ ፀጉሬ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ እንዳለ ሮጥኩ። ስደርስ እናትህ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ እንደ እንግዳ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ የተቋጠረበት አንድ መሐረብ ተፈትቷል። ከሰጠኋቸው አንዲት ሳንቲም አላጎደሉም።

«መጣሽ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው። ልጄ የላከልኝን አጠራቅሜው ነበር። እኔ አሮጊቷ ምን ላደርግበት? የልጄ ዕዳ በልጄ ገንዘብ ይከፈል።»

ሠንጠረዡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልጅዎ በየወሩ ይልካል ማለት ነው፣ እማማ?»

«ይልካል እንጂ! ይኸው በሃያ ወር አንድም አጓድሎ አያውቅም! እንደሱ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?»

ወደ እኔ ዞረ። «እመቤት፣ እዚህ ላይ ‹የለም› ብለው ነው የፈረሙት።»

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃኝ፤ እሱ አልላከም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እናትህን አየኋቸው። ፊታቸው በኩራት በርቶ፣ ሰውዬው እንደገና ስለ አንተ እንዲጠይቃቸው ይጠብቃሉ። «ረስቼው ነው» አልኩ።

«ሃያ ወር ሙሉ?»

«አዎ። ረሳሁት።» ያልኩትን ጽፎ አስፈረመኝ።

«ኧረ ልጄ!» አሉ እናትህ። «እሱ በሰው አገር ለፍቶ እየላከ አንቺ የለም ብለሽ ጻፍሽ?»

ሰማህ? እኔን ነው። ታዘቡኝ። ሦስት ዓመት እግራቸውን ያጠብኩት እኔ ሌባ ሆኜ፣ አንተ ጻድቅ ሆነህ ወጣህ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህናቸውን ሳስቀምጥላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል፣ እንደ ባዳ። ድሮ «ነይ ቁጭ በይ፣ አብረን እንብላ» ነበር የሚሉት።

በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ለሠንጠረዡ እውነቱን ዘረገፍኩለት። ከሾርባው ጀምሮ። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «አምንዎታለሁ፣ ችግሩ ለኔ ማመን የሚሆን ሣጥን የለም» አለ። ትናንት «ረስቼው ነው» ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ፤ ዛሬ ተመልሼ ውሸት ነበር ብል የአበዳሪዎቹ ጠበቃ ይስቅብኛል። መውጫው ሁለት ነው አለኝ። አንደኛው፣ እናትህ ራሳቸው ገንዘቡ ከልጃቸው እንዳልመጣ አውቀው ይፈርማሉ። ሁለተኛው፣ በአንተ ስም የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ይመጣል፣ ከእንግዲህ እንደማትልክም ትፈርማለህ፤ ያኔ ዘግይቶ እንደተነገረ ገቢ ተቆጥሮ በድሮው ክፍያ እቀጥላለሁ። እስከ ሃያኛው ቀን። «ወረቀት ከመጣ የማየው ወረቀቱን ነው» አለና አንገቱን ደፍቶ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ሰው ነው ለካ።

እናትህን ላስፈርም? ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ «ልጅዎ አንድ ቀን አልላከም፣ ስለ ጉልበትዎም ጠይቆ አያውቅም» ልበላቸው? ሦስት ቀን ሞከርኩ። አንዴ «እማማ» ብዬ ጀምሬ «ሻይ ላምጣልዎት?» ብዬ ጨረስኩት። አንተ ብትሆን ትለው ነበር። እኔ አልቻልኩም።

ስለዚህ ደረሰኙ ከአንተ ይመጣል። «ገንዘብ የለኝም» ልትል አፍህን እንደከፈትክ አውቃለሁ፤ ዝጋው። ገንዘቡን የምሰጥህ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሹፌር ደንበኛዬ ነው። የከባድ መኪናውን ወንበር አድሼለት የእጅ ዋጋዬን እዚህ አልተቀበልኩትም፤ እዚያ፣ በዚያው አገር ገንዘብ ይከፍልልኛል። ለአንተ ግን አይሰጥህም፣ ጅል አይደለሁም። ገንዘብ ማስተላለፊያው መስኮት ድረስ አብሮህ ይሄዳል። አንተ መታወቂያህን ታሳያለህ፣ ስምህን ትጽፋለህ፣ እሱ ይከፍላል። ደረሰኙንም እሱ ኪሱ ይከታል። የገዛ ላቤ ድንበር ተሻግሮ ያንተን ስም ለብሶ ይመለስልኛል። የማስተላለፊያውንም ዋጋ ችዬልሃለሁ። ሰው የሌላውን ዕዳ ሲከፍል አይተሃል፤ ተበዳሪው የከፈለ እንዲመስል ሲከፍል ግን እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ወረቀት «ከዚህ ወር ጀምሮ ለቤተሰቤ ገንዘብ እንደማልልክ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ፈርም። ከፈረምካቸው ወረቀቶች ሁሉ እውነት ያለበት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህና ከፈለግክ ሳቅብኝ። ይህን ስትፈርም ሃያ ወር አብሮን የኖረ ሰው ይሄዳል። ለአንተ አላዝንም፣ ለእሱ ነው የማዝነው። ወር ሊያልቅ ሲል፣ ጨርቅ እየወጠርኩ፣ በዚህኛው ምን ይል ይሆን እያልኩ ማሰብ ለምጄ ነበር። የሚጠብቁት እናቱ ብቻ አልነበሩም።

ሠንጠረዡ ያላዘዘህን አንድ ነገር ደግሞ እኔ አዝሃለሁ። ለእናትህ ሁለት መስመር ጻፍ። «ደህና ነኝ። ለጊዜው መላክ አልችልም።» በቃ። ተስፋ የሚመስል ነገር እንዳታስገባበት። ቃልህን ስፈጥር ኖሬያለሁ፣ የእጅ ጽሑፍህን ግን ያውቁታል፣ እሱ አይሆንልኝም። እኔን «ሌባ አይደለችም» በልልኝ ብዬ አልለምንህም። ይታዘቡኝ፣ እየበሉ እስከሆነ ድረስ።

ይኸው አሁን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለልጅዎ» አልኳቸው። «ከክፉ ሰው ይሰውርህ፣ እጅህ አይጠር፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልም በይልኝ» አሉ። ቃል በቃል ጻፍኩት። ምርቃቱ የእሳቸው ነው። እኔ መንገድህ ይቅና አልልህም፤ እስከ መስኮቱ ድረስ ግን ይቅናህ።

ፎርሙ እንደሚለው፣
ሚስትህ

ሹፌሩ እዚያ የሚያድረው አንድ ቀን ነው፤ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመልሶ ሱቁ በር ላይ ይቆማል። ያደስኩለት ሁለት ወንበር ነው፣ የእሱና የጎኑ። የጎኑን ስፖንጅ ወፈር አድርጌዋለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ረዳት የለውም፣ ሲመለስ ባዶ ነው። ይህን የነገርኩህ ለመረጃ ያህል ነው።