እህቴን ስለ ገደለው የአደባባዩ ሐውልት

ለከተማችን የአደባባይና የሐውልት ሥራ የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ራስዎን እግዚአብሔር ከላይ ከሚወርድ ነገር ሁሉ ይጠብቅልዎ። እኔ በመካነ ሰላም መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ቅኔ የማስተምር፣ የወይዘሮ ብዙዬ ታናሽ ወንድም ኒቆዲሞስ ነኝ። በግልጽ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው።

1. ከተማችንን ዘመናዊ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ባለመስታወቱ ሕንፃዎ ውስጡን ስለማያሳይ ባለጉዳይ ደጁ ላይ ቆሞ የገዛ ፊቱን ሲያይ ይውላል።

2. በአደባባዩ ስላቆሙልን፣ ሉል ስለያዘው የሲሚንቶ እጅም አመሰግናለሁ። ትርጉሙ ዕድገት እንደሆነ በምረቃው ዕለት አስረድተውናል። እህቴ ግን ሃያ ዓመት ነጭ ሽንኩርት ከሸጠችበት ቦታ ቀና ብላ አይታው፣ «ኒቆ፣ ይኼ ሰውዬ ድንቹን ለማን ሊሰጥ ነው?» ብላኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ናትና ይቅር ይበሏት። ጥላውን ግን ወዳው ነበር።

3. ግንበኛው አለኸኝ በለቅሶው ድንኳን እያነባ እንደነገረኝ፣ «ጌታዬ፣ ይቺ ቀጭን ብረት ይህን ኳስ አትሸከምም፤ ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ» ቢልዎ፣ «እንግዶቹ እሑድ ይገባሉ፤ ብረቱን ደግሞ ማን ያየዋል?» ብለው መለሱለት። እውነትዎን ነው። ብረቱን ያየነው በግንቦት፣ በገበያ ቀን፣ ኳሱ ከወረደ በኋላ ነው። ነፋስ እንኳ አልነበረም። ጮኸው ጠርተውኝ ስደርስ ሰዉ ኳሱን በአጣና ሊያነሣ ይታገላል። ከእህቴ የሚታየው አንድ እጇ ብቻ ነበር፤ የሽንኩርት ልጣጭ በጣቶቿ ላይ እንደተጣበቀ ነው። «ብዙዬ» አልኳት። ሙቀቱ እስኪለቅ ድረስ እጇን ይዤ ቆየሁ።

4. ሪፖርትዎ «ሟች ባልተፈቀደ ቦታ በመቀመጣቸው የደረሰ አደጋ» ይላል። እርሷ ሃያ ዓመት፣ ሐውልቱ አራት ወር በተቀመጡበት ስፍራ ያልተፈቀደለት የትኛው እንደሆነ ለመረዳት አእምሮዬ አልደረሰም። እንድፈርምበት ሁለት ትሑታን ሰዎች ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አልፈረምኩም። አለኸኝ ግን የሚያውቀውን በጽሑፍ ሰጥቶ፣ በማግስቱ ከሥራ ተሰናብቶ፣ አሁን ኩታበር ሄዶ ድንጋይ ይጠርባል።

አዲስ ኳስ እየተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። አልቃወምም፤ ብቃወምስ ማን ይሰማኛል? የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያ የሪፖርትዎ አንድ መስመር ይታረም። ልጇ ማርያማዊት ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ታነባለች። እናቷ በጥፋቷ እንደሞተች የመንግሥት ማኅተም ሲነግራት እኔ ምን ብዬ ላስተባብል?

ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዝቅ ማለትም ከሚወድቅ ነገር እንደማያድን ካየሁ ወዲህ ግን ቀና ብዬ የምጽፍልዎ፣ ታዛዥዎ
ኒቆዲሞስ

ማሳሰቢያ፦ ለአደባባዩ ነጋዴዎች ስብሰባ በእህቴ ስም የተጻፈ ጥሪ ትናንት ደርሶናል። «መቅረት ያስቀጣል» ይላል። እንደምትቀር ከወዲሁ በትሕትና አሳውቃለሁ። ቅጣቱን ይዞ ለሚመጣው ሠራተኛዎ አድራሻዋ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ አፈሩ ገና ያልተደላደለው ነው።