ለካሜራ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሆፕኪንስ፣ ሚኒሶታ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሶሊያና፣ ሎስ አንጀለስ

ልጄ፣ ጤናሽን አልጠይቅም። ሰኞ ሰኞ ማታ በቴሌቪዥን አየዋለሁ። ከስተሻል፤ ጥፍርሽ ረዝሟል፤ ዋና ሳትዋኚ የዋና ልብስ ለብሰሽ ገንዳ ዳር ትቀመጫለሽ። ይህን ያህል ካየሁ ምን የሚጠየቅ ቀረ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል እንጂ አፌ እንደምታውቂው ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ስነዳ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ አላስፈለገኝም። ስለዚህ ይህን የምትጽፍልኝ ትሕትና ናት። አዎ፣ ያቺው ትሕትና። ከአዲስ አበባ ልጅ ሆና መጥታ ጎረቤታችን ስትገባ፣ እሷ በአማርኛ ስታወራሽ አንቺ በእንግሊዝኛ ትመልሺላት ነበር፤ ሳትግባቡ የቀራችሁበትን ቀን ግን አላስታውስም። በቴሌቪዥን ደግሞ እዚያው ስላገኘሽው ልጅ «ካርተርን ከእጄ ልትነጥቀኝ ነው» ብለሽ ያዋረድሻትም እሷው ናት። ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «አባባ፣ ፕሊስ፣ ለመጨረሻው ሾው ካሜራ ይመጣል፤ ጀስት አንድ ጊዜ ለካርተር የስ በልልኝ። ትሕትናም ኤልኤ ትምጣና በሰው ፊት ሶሪ ትበለኝ» ብለሻል። እናትሽ ደግማ አስደመጠችኝ፤ ያልሰማሁ መስሏት ነው። ሰምቻለሁ። መልሴ አይሆንም ነው። እኔም የስ አልልም፣ እሷም አትመጣም።

ያ ሾው የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጎረምሳና ኮረዳ «የፍቅር ቤት» በሚሉት አንድ ቤት ውስጥ ከርችመው፣ መጠጥ እያቀረቡ፣ «ማን ይወድሻል? ማንን ትጠያለሽ?» እያሉ ያናክሷችኋል። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ቤት ነበረ፤ ስሙ ግን የፍቅር ቤት አልነበረም። ሹፌር ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። እዚያ ያሉት እንኳ ሲጣሉ በር ይዘጉ ነበር።

ጥቅምት ላይ ካርተርን ይዘሽልኝ የመጣሽበትን ቀን አስቢ። ካሜራ ተሸካሚዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፌ ላይ ተንጋጉ። የእናትሽን የማርያም ሥዕል አውርደው ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ጋሻና ጦር ሰቀሉ። እኔ በዕድሜዬ ጦር ይዤ አላውቅም፤ የያዝኩት ክሪክ ነው። ከዚያ የካርተር ሽማግሌዎች ናቸው ተብለው ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ተካ ነው፤ ሳይጠሩት አቤት ባዩ ተካ። ሁለቱን አላውቃቸውም።

«ልጁ የማን ልጅ ነው?» አልኩት ተካን።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ጠዋት ነው የደወሉልኝ።»

«የማታውቀውን ሰው ነው ልትድር የመጣኸው?»

«ለብሰህ ቁም ነው የተባልኩት፣ ጋሼ። ጋቢውም የእነሱ ነው።»

የዋጋ ወረቀቱ ጋቢው ጥለት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኔ ግን ሽማግሌን እንደ ሽማግሌ ተቀበልኩ። የቀልድም ይሁን የምር፣ ደጄ ቆሞ «ልጅዎን ለልጃችን» ያለ ሰው ቆሟል፤ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። እንደ ወጉ «ቤተሰብ ይማከር፤ በሁለተኛው እሑድ ተመለሱ» አልኳቸው። የካሜራ ተሸካሚዎቹ አዛዥ የሆነችው ሴትዮ ፊቷ ቀላ። «ዛሬውኑ እሺ በላቸው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅብን ነው» ትላለች፤ ትሕትና ናት የተረጎመችልኝ። ፀሐይ ጠለቀች አልጠለቀች ለእኔ ምኔ ነው? ልጅ ልድር ነው እንጂ በርበሬ ላሰጣ አይደለም።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልምጣ። ትሕትናን «እጅ አነሣሥ አሳዪው፤ አባባ ፊት እንዳያሳፍረኝ» ያልሻት አንቺ ነሽ። በእንግሊዝኛ ነው ያልሻት፤ ይህን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። እሷም ኮሪደር አውጥታ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል፣ ጉልበት እንዴት እንደሚሳም አሳየችው። ልጁ እንደ ቀጭኔ ነው፤ ትከሻውን ይዛ ነው ዝቅ ያደረገችው። በቴሌቪዥን የወጣው ያ ትከሻ መያዟ ብቻ ነው። ሙዚቃ ጨመሩበት። አንቺም ወንበር ላይ ተቀምጠሽ «የልጅነት ጓደኛዬ ከጀርባዬ» እያልሽ አለቀስሽ። እንባሽ ባንድ ዓይን ብቻ ወረደ። አንቺ የምር ስታለቅሺ ንፍጥሽ ነው የሚቀድመው፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ያ ቃል ያንቺ እንዳልሆነ፣ ያቺ ሴትዮ እንዳጎረሰችሽ አውቃለሁ። ግን ማንም ቢያጎርስሽ የዋጥሽው አንቺ ነሽ።

ትሕትና ቀጥሎ ያለውን አልጽፍም ብላ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር። «አባባ፣ ይቅር፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ማልሽልኝ አይደል ወይ አልኳት። አነሣችው።

ሮዝቪል የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አሉ። ትሕትና ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፤ እሳቸውም ያንቺን ሾው ያያሉ። ያ ክፍል በወጣ ማግስት «ያቺ ባል ቀሚ አትንካኝ» ብለው ገበታውን ገፈተሩት። ልጅቷ የተደፋውን ሾርባ ጠረገች፤ ሌላ ሰው ጠርታላቸው ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ቤተ ክርስቲያንም አብረዋት የሚዘምሩት ልጆች ስልካቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። እሷ አንድ ቀን እንኳ እኔ ፊት ስምሽን በክፉ አላነሣችም። እኔ ግን አነሣዋለሁ፤ የራሴ ስለሆንሽ እችላለሁ።

ካርተር ደግሞ የት አለ? ጎንበስ ሲልልኝ ከልቡ መስሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቀጠሮ የሰጠሁበት እሑድ መጣ። እኔ አልጠበቅኳቸውም። ኮቴን የለበስኩት ቤቱ በርዶኝ ነው። ወንበር የደረደረችውም ትሕትና ናት፤ ተይ ብያት ነበር። ተካ ደወለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ነበር አይደል? ካሜራው ይመጣል?» አለኝ። አይመጣም አልኩት፤ እሱም ቀረ። እስኪመሽ ድረስ በሬን ያንኳኳው ቤት የተሳሳተ የፒዛ አመላላሽ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ሳላጣራ ብድግ ብዬ ነበር። ትሕትና ወንበሮቹን መልሳ እራት አቀረበችልኝ፤ በላን። ካሜራ ያቆመው ሽማግሌ ካሜራ ሲነሣ ይነሣል። ልጁ የምር ከፈለገሽ አባት ይኖረዋል፣ አጎት ይኖረዋል፤ የሚያውቁትን ሰዎች ይላክ። ፈረንጅ ቢሆኑም ግድ የለኝም፤ ብቻ ጫማቸውን ያውልቁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ለምን በወረቀት እንዳደረግኩት ታውቂያለሽ? አንቺ አማርኛ ማንበብ አትችይም። እናትሽ እንዳታነብልሽ ከልክያታለሁ፤ ጠይቀሻት እምቢ እንዳለችሽም አልጠራጠርም። ስልክ ጽሑፍ ያነባል ይላሉ፤ የትሕትናን እጅ ጽሑፍ ግን እንኳን ስልክ፣ ፋርማሲም አያነበውም። እሷም ይህ አሁን ነው የገባት፤ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊ አልኳት።

እንግዲህ ይህ ቃል ጆሮሽ ከደረሰ ለትሕትና ደውለሻል ማለት ነው። የምትሰሚው ድምፅ የእሷ ነው፤ ግልባጩ እሷ ዘንድ አለ። ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ በገዛ አፏ እያነበበችልሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላቴም አላዝም። በሰው ፊት የዘራሽውን ሐሰት በሰው ፊት ትሰበስቢዋለሽ፤ እሱ ለኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለእሷ፣ ለብቻዋ፣ ሶሪ በያት።

ከሚያጨበጭብልሽ ሁሉ መካከል የሚያዝንልሽን ለይቶ ያሳይሽ። መብራቱ ሲጠፋም የማይጠፋ ባል ይስጥሽ። እኔንም ይህን ሳላይ አይጥራኝ።

ደብዳቤው አልቋል። ትሕትና ከዚህ በኋላ የምታነበው የላትም፤ ዝም ትላለች። ስልኩን እንዳትዘጊ።

አያትሽ ሰረቀብርሃን፤ በአውራ ጣቴ